ድግጣ በመርካቶ ግቢ

መርካቶ ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ሸቀጡ፣ ግፊያውና የተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» የሚል ጥሪ ነው። መርካቶን ከአበባ ጋር የሚያስታውስ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ከሱቆቹ ጀርባ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ልጆች ከመድረሳ ተመልሰው የሚጫወቱባቸው፣ እናቶች ልብስ የሚያሰጡባቸው፣ በረመዷን ጎረቤት ለጎረቤት ሳምቡሳና ሾርባ የሚሰጣጥባቸው ጠባብ ግቢዎች አሉ። በእነዚህ ግቢዎች ጥግ አንድ ተክል የሚቆምበት ስፍራ አይጠፋም። በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ይህ ነው፤ በዚያች ጥግ ምን እንትከል? የተከልነውንስ እንዴት እንያዝ?

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢመገብ ለተከለው ሰው ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ይህን ሐዲስ ከአነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። ሐዲሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ በየኹጥባውም እንሰማዋለን። ነገር ግን ሰፊ እርሻ ወይም የአትክልት ቦታ ላለው ሰው ብቻ የተነገረ ይመስል የከተማው ሰው ወደ ራሱ አያመጣውም። መሬት የለንም እንላለን። አንድ በርሜል ግን አለን።

እንግዳውና የሀገሩ ልጅ

አዲስ አበባ ዛፍ አላጣችም። ነገር ግን ከምናያቸው ዛፎችና አበቦች አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ለአጥር የምንተክለው የፈረንጅ ጽድ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። ሐምራዊ አበባው መንገድ የሚያለብሰው ጃካራንዳና በየአጥሩ የሚንጠለጠለው ቡጋንቪላም መነሻቸው ደቡብ አሜሪካ ነው። እንግዳን መጥላት የእኛ ባሕርይ አይደለም፤ ብዙዎቹም ጠቅመውናል። የሚያሳዝነው የመርካቶ ልጅ እንግዶቹን ሁሉ እያወቀ፣ ከመርካቶ በስተሰሜን በሚታየው የእንጦጦ ተራራና በአካባቢው የሚበቅለውን የሀገሩን ቁጥቋጦ በስም እንኳ ሳይለይ ማደጉ ነው።

ከነዚህ የሀገራችን ቁጥቋጦዎች አንዱ ድግጣ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ዝግጣም ይሉታል። በአፋን ኦሮሞ ጬካ ይባላል። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከጅማም ሆነ ከአርሲ ወደ መርካቶ የመጡ አባቶችና እናቶች ምናልባት ስሙን ሲሰሙ «አውቀዋለሁ!» ይሉ ይሆናል። በወይና ደጋና በደጋ፣ በየእርሻው ዳር፣ በየገደሉ አፋፍ፣ በተቆረጠ ደን ጠርዝ ይበቅላል። ከብት ስለማይበላው ሌላው ቁጥቋጦ ተግጦ ባለቀበት ስፍራ እንኳ እርሱ ቆሞ ይገኛል። በሀገራችን ብቻ አይወሰንም፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የአህጉራችን ደጋማ ምድር በቅሎ ይታያል።

በሳይንሳዊ ስሙ ካልፑርኒያ አውሪያ ይባላል። «አውሪያ» በላቲን ቋንቋ ወርቃማ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በአበባው ቀለም ነው። አበባው ደማቅ ቢጫ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አንዱን አበባ ለይቶ ለተመለከተው የአተርን አበባ ይመስላል፤ በእርግጥም ድግጣ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ፍሬው ጠፍጣፋና ስስ ቆባ ነው፤ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ቅጠሎቹ በአንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚወጡ ለስላሳና ሞላላ ናቸው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሜትር ነው፤ በተመቸው ስፍራ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በበርሜል ውስጥ ግን እየተገረዘ ከሰው ቁመት ብዙ ሳይበልጥ ሊያዝ ይችላል።

ስለ ሀገራችን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በሰፊው የጻፉት ዶክተር አዘነ በቀለ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሀገራችንን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ከነአካባቢ ስማቸውና ከነአተካከላቸው ዘርዝረዋል። ለማወቅ የሚፈልግ ወጣት እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በየቤተ መጻሕፍቱ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በከተማችን ደወል የመሰለ ቢጫ አበባ ያላቸው፣ ከአሜሪካ የመጡ ሌሎች ቁጥቋጦዎች አሉ። ችግኝ የምትገዙ ሰዎች «ቢጫ አበባ ያለው» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። አበባው እንደ አተር፣ ቆባው እንደ ጠፍጣፋ ባቄላ መሆኑን አረጋግጡ።

ዘሩን ማዘጋጀት

ድግጣ በዘር በቀላሉ ይራባል። ቆባው በተክሉ ላይ ሳለ ቡናማ ሲሆን ይለቀማል። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው እንዲሁ ቢዘራ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከእሳት የወረደ ሙቅ ውሃ ያፈሱበትና እዚያው ውስጥ እየቀዘቀዘ እንዲያድር ይተዉታል። በማግሥቱ ያበጡት ፍሬዎች ለመዘራት ዝግጁ ናቸው። የሚዘራበት ዕቃ ከዚያ በኋላ ለምግብና ለመጠጥ እንዳይውል ለብቻው ይለይ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥርና የካቲት ለመዝራት ጥሩ ጊዜ ነው። አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር በትንንሽ ፕላስቲክ ይሞላና ዘሩ የጣት አንድ አንጓ ያህል ገባ ብሎ ይቀበራል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። በዚህ መንገድ የደረሰው ችግኝ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ወደ ቋሚ ስፍራው ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ያለውን የማጠጣት ሥራ ለሁለት ወር ያህል ዝናቡ ይሠራልናል።

በርሜሉና አፈሩ

በዚህ ረገድ መርካቶ ከየትኛውም ሰፈር ትበልጣለች። ምናለሽ ተራ ለተጣለ ዕቃ ሁለተኛ ዕድሜ የሚሰጥ ገበያ ነው። አንድ የ200 ሊትር በርሜል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ጥሩ መትከያ ይወጣዋል። ያረጀ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ባልዲም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገለግላል። ሻጩን ግን «ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የምግብ ዘይት የነበረበት ይሻላል፤ ኬሚካል የነበረበት አይወሰድ። የተቆረጠው የበርሜል ጠርዝ ልጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ ይበሳል። ከታች የተሰባበረ ጡብ ወይም ጠጠር ይነጠፋል። በላዩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይሞላል። ብስባሹ ገንዘብ አይጠይቅም። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት በቀዳዳ ባልዲ ውስጥ አፈር ጣል እየተደረገባቸው ለጥቂት ወራት ቢቀመጡ ጥቁር፣ ሽታ የሌለው ማዳበሪያ ይሆናሉ።

ድግጣ ፀሐይ ይወዳል፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝበት ጥግ ይመረጥለት። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አበባ ይጀምራል። አበባው ካለፈ በኋላ ረዣዥሞቹ ቅርንጫፎች ይገረዙ። አንድ ግንድ ብቻ ትቶ ከሥር የሚወጣውን ቡቃያ መቁረጥ ትንሽ ዛፍ ያደርገዋል፤ እንዳለ መተው ደግሞ ቁጥቋጦ ያደርገዋል። ለጠባብ ግቢ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ከሥሩ ሰው ያልፋል፣ ዕቃም ይቀመጣል።

ውሃው ከየት ይምጣ?

በብዙ ሰፈሮቻችን ውሃ በፈረቃ ነው። «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለአበባ?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። መልሱ ግን በየቀኑ አምስት ጊዜ ከእጃችን ይፈስሳል። በኢብሪቅ ወይም በጆግ ዉዱእ ስናደርግ ውሃው ወደ ሳፋ እንዲወርድ ብናደርግ፣ የአንድ ቤተሰብ የዕለት ዉዱእ ለአንድ በርሜል ተክል ከበቂ በላይ ነው። ሳሙና የለበትም፣ ጨው የለበትም። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ግን ሳሙና ስላለበት አይፈስስበትም።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሚፈስስ ወንዝ ዳር ቆመን እንኳ ዉዱእ ስናደርግ ውሃ እንዳናባክን መምከራቸው ተዘግቧል። ወንዝ ላለው እንዲህ ከተባለ ጀሪካን ተሸክሞ ለሚያመጣው ምን ሊባል ነው? ልጆች ሳፋውን ወደ በርሜሉ የማድረሱን ሥራ ቢረከቡ፣ የውሃን ዋጋ በቃል ከምንነግራቸው ይልቅ በእጃቸው ያውቁታል።

ቅጠሉ ሲረግፍ አትንቀሉት

ብዙ የድግጣ ችግኝ የሚጠፋው ውሃ በማጣት ሳይሆን በሰው ችኮላ ነው። ድግጣ በደረቅና በብርድ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፍ ተክል ነው። እርጥበት ካልተቋረጠበት ቅጠሉን ይዞ ሊከርም ይችላል፤ ሲደርቅበት ግን ይጥለዋል። በአዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ዝናቡም ይቆማል። በዚህ ጊዜ ትናንት ለምለም የነበረው ተክል ጭራሮ ይመስላል። የቤቱ ሰው «ሞተ» ይልና ይነቅለዋል፤ በርሜሉም ለሌላ ነገር ይውላል።

ከመንቀል በፊት አንድ ነገር እናድርግ። የግንዱን ቅርፊት በጥፍር ፋቅ እናድርገው። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ተክሉ ሕያው ነው፤ አርፏል እንጂ አልሞተም። ቅጠሉን ያራገፈው በቅጠሉ በኩል የሚወጣውን ውሃ ለመቆጠብ ነው። ባረፈበት ወቅት ብዙ ውሃ ማፍሰስ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ አፈሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ በሳምንት አንዴ ትንሽ ማጠጣት ይበቃል። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ከዚያው ደረቅ ከመሰለው እንጨት ቡቃያው ብቅ ይላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ፉሲለት 39ኛ አንቀጽ ጸጥ ብላ የደረቀችው ምድር ዝናብ ሲወርድባት እንደምትንቀሳቀስና እንደምትለመልም ይነግረናል፤ እርሷን ሕያው ያደረገ ሙታንንም ሕያው አድራጊ መሆኑን ያሳስበናል። ይህን አንቀጽ የሚሐፍዝ ልጅ በግቢው ውስጥ ምሳሌውን ቢያይ ትምህርቱ እንዴት ይጠልቅ! ሶብር የሚለውን ቃል ለልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጭራሮ የመሰለን እንጨት «ጠብቀው» ብለን፣ ቡቃያው በወጣ ዕለት ጠርተን ብናሳየው ግን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መርዝነቱን ሳናውቅ አንትከለው

አሁን ወደ ዋናው ማሳሰቢያ እንግባ። ድግጣ መርዝነት ያለው ተክል ነው፤ በተለይ ዘሩ አደገኛ ነው። ከብት የማይበላውም ስለዚሁ ነው። የገጠሩ ወገናችን ይህን ጠባዩን ከጥንት አውቆ ተጠቅሞበታል፤ የከብት ቅማልና መዥገር ለማጥፋት ቅጠሉን ቀጥቅጦ ይቀባበታል። የቦረና አርብቶ አደሮች ይህን ልማድ ጠብቀው ኖረዋል። ከደቡብ ኢትዮጵያ በተወሰደ የድግጣ ቅጠል ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናትም፣ ከቅጠሉ የተጨመቀው ፈሳሽ መዥገሮችን ወደ ራሱ እየሳበ እንደሚያደነዝዝ ወይም እንደሚገድል አሳይቷል። የአባቶች ዕውቀት ከንቱ አልነበረም።

ነገር ግን መዥገርን የሚገድል ነገር ልጅንም ይጎዳል። ስለዚህ በቤቱ የሚድህ ወይም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ያለው ቤተሰብ ሕፃኑ እስኪያድግ ድግጣን ባይተክል እንመክራለን። ትልልቅ ልጆች ያሉበት ቤት ቢተክልም የሚከተሉትን ይጠብቅ።

ቆባው አረንጓዴ ሳለ፣ ሳይደርቅና ዘሩ ሳይረግፍ ይለቀም። ለዘር የሚፈለጉ ጥቂቶቹ ብቻ ይተዉ፤ እነርሱም በጨርቅ ተቋጥረው ይቆዩ። የተገረዘውን ቅርንጫፍና ቅጠል ለአረፋ ለገዛነው በግ አንስጥ፤ በጉም ተክሉ አጠገብ አይታሰር። የተገረዘው እንጨት ለመጥበሻና ለምግብ ማብሰያ አይማገድ። ከነካን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ልጆች «አትንኩ» ከሚባሉ ይልቅ ምክንያቱ ይነገራቸው፤ አበባው ለዓይንና ለንብ እንጂ ለአፍ እንዳልሆነ ይወቁ። ሳይታወቅ የበላ ሰው ቢኖር የበላውን ቅጠል ወይም ቆባ ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ነው። በቤት ውስጥ በግድ ለማስመለስ መሞከር ተገቢ አይደለም።

በአንዳንድ ስፍራ ድግጣን ለሰው መድኃኒትነት የሚያውሉ አሉ። እኛ ግን ማንም በቤቱ ቀጥቅጦ ለራሱም ሆነ ለልጁ እንዲሰጥ አንመክርም። መጠኑን የማያውቅ ሰው ሊያድን ሲል ሊገድል ይችላል። ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተዘገበ ሐዲስ በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

«እንዲህ ከሆነስ ለምን እንተክለዋለን? ሰውም ከብትም የማይበላው ተክል ሰደቃነቱ ምኑ ላይ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድግጣን ሰው አይበላውም፤ ንብ ግን አበባውን ትቀስማለች። ንብ በቁርኣን ውስጥ በስሟ ሱራ የተሰየመላት ፍጡር ናት። ቆርቆሮና ሲሚንቶ በሞላበት ሰፈራችን ቀሳሚ ነፍሳት የሚያርፉበት አበባ ማግኘት ቀላል አይደለም። ምንዳውን የሚመዝነው ግን አላህ ብቻ ነው። እኛ የምንለው ተክሉን ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ አውቆ መትከል ከአማና ወገን መሆኑን ነው። ሳያውቁ ተክሎ ልጅን ለጉዳት መዳረግ ከአማና ጋር አይሄድም።

የጎረቤት ሐቅ፣ የመንገድ ሐቅ

የመርካቶ ግቢ የአንድ ሰው አይደለም። አምስትና ስድስት ቤተሰብ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ በርና አንድ የውሃ ቧንቧ ይጋራል። ስለዚህ በርሜሉ ከመቀመጡ በፊት ጎረቤት ይማከር። ስለ መርዝነቱም አስቀድሞ ይነገረው፤ የእርሱም ልጅ በዚያው ግቢ ይጫወታልና። ጅብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛታቸው የተነሣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው እንደነበር እናስታውስ።

ሌላው የመንገድ ሐቅ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ የተነሣው ከባድ እሳት፣ በመርካቶ አንድ ክንድ መተላለፊያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይቶናል። በርሜሉ በምንም ምክንያት በመተላለፊያ፣ በበር አፍ ወይም ሰው በሚወጣበት ደረጃ ሥር አይቀመጥ። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በሰደቃ ስም መንገድ መዝጋት አይገባም።

ለወጣቶቻችን አንድ ሥራ

ወጣት አንባቢዎቻችን ድግጣን ከወረቀት ላይ ብቻ እንዳያውቁት እንሻለን። በከተማችን ሰሜን ምዕራብ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ማዕከል ሲሆን ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ከመርካቶ ሩቅ አይደለም። የመድረሳ ኡስታዞችና ወላጆች በዕረፍት ቀን ልጆችን ይዘው ቢሄዱ፣ የሀገራቸውን ዕፅዋት በስም ጠይቀው ቢያውቁ፣ ከብዙ ጨዋታ የበለጠ ትርፍ ያገኙበታል። በየተራራው የሚያገኙትን ቁጥቋጦ ግን እንዳይነቅሉ፤ ለዘር የሚሆን ጥቂት ቆባም ቢሆን ከባለቦታው ፈቃድ ሳያገኙ እንዳይወስዱ አደራ።

በልማት ምክንያት ከመርካቶ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ገና የሚሄዱም ይኖራሉ። ቤት ይፈርሳል፣ ጎረቤት ይበተናል። በበርሜል የተተከለ ድግጣ ግን ከዕቃ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። በአዲሱ ግቢ ከጎረቤቶች ጋር ተመካክሮ በመሬት ላይ ቢተከል፣ ሥሩ ይሰፋል፣ ቁመቱም ይጨምራል። በሚቀጥለው ዓመት ቆባውን ለቅሞ ለቀድሞ ጎረቤት ዘር መላክ ደግሞ ዝምድናን የመቀጠያ አንድ መንገድ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የምንተክለውን በዕውቀት የምንተክል፣ የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ፣ በበጋው ታግሰን በበልጉ የምናመሰግን ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።